ዓሣ ያለበትን አኳሪየም ጠጠር ስትቀይሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አኳሪየም ያለው ሰው አንድ ቀን ጠጠሩን መቀየር ያምረዋል። ቀለሙ ለቆ ይሆናል፣ ከሥሩ ቆሻሻ በዝቶ ይሆናል፣ ወይም ወለል ለወለል ለሚሄዱት ዓሦች ሻካራ ሆኖባቸው ይሆናል። መቀየሩ ክፋት የለውም። ዓሦቹን የሚጨርሳቸው በዚያ ቀን የሚመጣው ጥድፊያ ነው። እኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ጀሞና ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ለገጣፎ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ለጥድፊያ ቅርብ ነን። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራት ሳይናገር ይሄዳል። ስለዚህ የሥራውን ቀን የሚወስነው ጠጠሩ ሳይሆን ውሃው ነው።

ውሃ ሳያጠራቅሙ መጀመር

ብዙ ቤት ያለውን መካከለኛ ገንዳ እንውሰድ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ የሚይዘው 54 ሊትር ነው። 5 ሴንቲሜትር ጠጠር ካነጠፋችሁበት 9 ሊትር ጠጠር ማለት ነው፤ ሲመዘን ከ13 ኪሎ አያንስም። ይህን ሁሉ አጥቦ ለማጥራት ከገንዳው ራሱ የበለጠ ውሃ ሊወስድባችሁ ይችላል። ግማሽ ላይ ቧንቧው ቢደርቅ ዓሦቹ ባልዲ ውስጥ፣ ጠጠሩ ሳፋ ውስጥ፣ እናንተ መሃል ላይ ትቀራላችሁ።

ሁለት ዓይነት ውሃ አዘጋጁ። ማጠቢያው በቀጥታ ከቧንቧ ወይም ከሮቶ ቢቀዳ ችግር የለውም። ገንዳው ውስጥ የሚገባው ግን ክሎሪኑ የወጣለት መሆን አለበት። ክሎሪን የውሃውን ጀርም እንደሚገድል ሁሉ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ውሃውን በጀሪካን ቀድተው፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ዘግተው "አሳድሬዋለሁ" ይላሉ። ክሎሪኑ እኮ በአየር ነው የሚሄደው። አፉ ሰፊ በሆነ ሳፋ ወይም ባልዲ ገልብጡትና ክፍቱን ቢያንስ 24 ሰዓት ይቀመጥ። ኤር ፓምፕ (አየር ወደ ውሃ የሚነፋው ማሽን) ካላችሁ ጫፉ ላይ ያለውን አየር የሚረጭ ድንጋይ ጨምሩበት፣ ቶሎ ይወጣል። ቤት ውስጥ ይደር እንጂ በረንዳ ላይ አታሳድሩት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ 25 ዲግሪ የለመደ ዓሣ በዚያ ውሃ ይታመማል። የአዲሱና የነባሩ ውሃ ሙቀት ልዩነት ከ2 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ዓሦቹ ውስጥ እያሉ መቆፈር

እጃችሁን ሰዳችሁ ከጥግ አንድ እፍኝ ጠጠር አንሱ። ወዲያው ቡናማ ጉም ይነሳል። የተረፈ ምግብ፣ ኩስና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ጠጠሩ ወፍራምና ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ስትነኩት አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ የገማ እንቁላልም ይሸታችኋል። ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ነው። አየር ሳያገኝ ከበሰበሰ ቆሻሻ ይወጣል፣ ለዓሣ መርዝ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ፣ ውሃው ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከላይ ከላዩ በጎማ እየሳባችሁ ሳፋ ሙሉ። ዓሦቹን እዚያ አዛውሯቸው። ኤር ፓምፑን ክተቱላቸው፣ እንዳይዘሉ ላዩን በወንፊት ጨርቅ ሸፍኑት። ከተረፈው ንጹሕ ውሃም የቻላችሁትን ያህል ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በኋላ ትመልሱታላችሁ። ውሃውን ጠቅላላ ደፍቶ በአዲስ መተካት ለዓሣው ድንገተኛ አገር መቀየር ነው። ጠጠሩ ከተነካ በኋላ ያለውን የደፈረሰ ውሃ ግን አታስቀሩ፣ ይደፋ። ለአበባና ለጓሮ ጎመን ግሩም ማዳበሪያ ነው።

ዓሦቹን ማውጣት የማይመቻችሁ ከሆነ በየሳምንቱ የወለሉን ሩብ ያህል ብቻ በወፍራም ጎማ እየሳባችሁ ቀስ በቀስ ቀይሩ። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ረጋ ያለ መንገድ ነው። ወለሉ በጣም ከጠቆረና ከሸተተ ግን ዓሦቹን አውጥቶ አንዴ መጨረሱ ይሻላል።

ፊልተሩን አብሮ ማጠብ

እንደኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ የሚሠራውም ከቅንነት ነው። "ከነካሁት አይቀር ሁሉንም ላጽዳው" ይባልና የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ተይዞ ጭምቅ ይደረጋል።

ዓሣ በስንጥቡም በኩሱም አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ገንዳው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይቱም መርዝ ነው፤ ናይትሬቱ ግን እስኪበዛ ድረስ ብዙ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ላይ ተንሳፍፈው አይኖሩም። የሚኖሩት የፊልተሩ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ጠጠሩን ስታወጡ የተወሰኑትን አብራችሁ አወጣችሁ። ስፖንጁን በክሎሪን ውሃ ካጠባችሁት የቀሩትንም ጨረሳችኋቸው። ዓሦቹ ዛሬ ደህና መስለው ይውላሉ። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ላይ ላዩን አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ይጀምራሉ። ባለቤቱም "አዲሱ ጠጠር ነው የገደላቸው" ይላል።

ስፖንጁን አትንኩት። ሥራው እስኪያልቅ ፊልተሩ ዓሦቹ ካሉበት ሳፋ ውስጥ እየሠራ ይቆይ። መብራት ከሄደ ደግሞ ስፖንጁን አውጥታችሁ እዚያው ውሃ ውስጥ አንሳፍፉት፤ ታሽጎ አየር አጥቶ ሲቆይ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ከድሮው ጠጠር ሁለት እፍኝ ያህል ለቅለቅ አድርጋችሁ፣ በቀጭን ስቶኪንግ ቋጥራችሁ አዲሱ ላይ ለጥቂት ሳምንታት አስቀምጡት። አዲሱን ጠጠር የሚያለማምደው እሱ ነው። ፊልተሩን ማጠብ ቢያንስ ከአንድ ወር በኋላ ይደርሳል፤ ያኔም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ።

ከጎረቤት ግንባታ ጠጠር መዝገን

እኛ ሰፈር በየበሩ የአሸዋና የጠጠር ክምር አለ። ጎረቤት ሁለት አካፋ አይከለክልም፣ ዋጋውም የለም። ችግሩ ክምሩ አጠገብ ሲሚንቶ ተቦክቶ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶና ኖራ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ሽቅብ ይሰቅሉታል፣ ዓሣ አይችለውም። ግራጫ ብናኝና የደረቀ ቡኬት ካያችሁበት ተዉት፣ ታጥቦም አይመለስም።

ነጭ ጠጠርና የእብነ በረድ ስብርባሪም ያማልላሉ። እብነ በረድ ኖራማ ድንጋይ ነው፤ ቀስ እያለ እየሟሟ ውሃውን ኖራማ ያደርገዋል። መለየቱ ቀላል ነው። አንዷን ጠጠር አድርቃችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉባት፣ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። ጥቃቅን አረፋ እያወጣች ሽሽ የሚል ድምፅ ካሰማች ኖራ አለባት። ዝም ካለች ደህና ናት። አቼቶ ከሌለ ሎሚም ይሠራል፣ ግን ደከም ይላል፣ በደንብ ማየት ይፈልጋል። ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ፍሬ ሞክሩ፤ በአንድ ፍሬ አትፍረዱ። ለመንገድ የሚደፋው ቀይ ጠጠር ደግሞ ጠርዙ ስለታም ነው። እንደ ኮሪዶራስ አፈር የሚያጭሩ ዓሦች ጢማቸው ይላጣል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ለእነሱ ልሙጥ አሸዋ ነው የሚሆነው።

የመረጣችሁትን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። ላርጎ፣ ኦሞ፣ ሳሙና የሚባል ነገር አይድረስበት። ሳሙና ጠጠር ላይ ይቀራል፣ ስንጥቡንም ይጎዳል።

ትንንሽ የሚመስሉ፣ ግን የሚያስከፍሉ

ሂተሩን ከሶኬት ሳይነቅሉ ውሃውን ማውረድ። ውሃ የሸሸው ሂተር ይግላል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ገንዳውን ከነውሃው ማንሳት። ግማሽ ውሃ እንኳ ቢቀር ሃያ ምናምን ኪሎ ነው፣ ጠጠሩ ሳይቆጠር። የመስታወቱ መጋጠሚያ ሲሊኮን በዚህ ይላቀቃል።

ትልልቅ ድንጋዮችን አሸዋው ላይ መጫን። ዓሣ ሥሩን ሲጭር ድንጋዩ ይወድቅና ወይ ዓሣውን ወይ መስታወቱን ይመታል። ድንጋዩ በቅድሚያ መስታወቱ ላይ ይቀመጥ፣ አሸዋው ዙሪያውን ይፍሰስ። አሸዋ ከ3 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከወፈረ ያ የእንቁላል ሽታ ተመልሶ ይመጣል።

ውሃውን ከላይ ማንደቅደቅ። ወለሉ ላይ ሰሃን አስቀምጡና እሱ ላይ በቀስታ አፍስሱ። አሸዋው አይናድም፣ ውሃውም አይደፈርስም።

ዓሦቹን ቶሎ መልሶ እንደ በፊቱ መመገብ

ዓሦቹን ከመመለሳችሁ በፊት ሂተሩ ሙቀቱን ያስተካክል፣ ፊልተሩም ትንሽ ይሥራ። ከሳፋው ስታወጧቸው በመረብ ያዟቸው፤ የሳፋውን ውሃ አብራችሁ አትገልብጡት። በመጀመሪያው ቀን ምግብ አትስጡ። ጤነኛ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ከወትሮው ግማሹን ስጡ። ያልተበላ ምግብ ሁሉ አሞኒያ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ገና አላገገሙም።

ኤር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በእጅጉ ከፍ ብለን ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሙቀቱ እኩል ሆኖ እንኳ እኛ ጋ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ "ፊልተሩ ብቻ ይበቃል" ቢላችሁ ይህን አስቡ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ውሃው ወተት ጠብ ያለበት ሊመስል ይችላል። ውሃው ውስጥ በአንዴ የበዙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ራሱ ይጠራል። ደንግጣችሁ ሁሉንም እንዳትደፉት። የአሞኒያ መለኪያ ካላችሁ በየቀኑ ለኩ። ከሌላችሁ ዓሦቹን እዩ፦ ላይ ላዩን ካለከለኩ ወይም ስንጥባቸው ከቀላ፣ ክሎሪኑ በወጣ ውሃ ሩቡን ቀይሩላቸው፣ በማግስቱም ድገሙት። ለዚህ ሲባል ሥራው ካለቀ በኋላም ለሳምንት ያህል አንድ ሳፋ ውሃ ክፍቱን ተቀምጦ ይቆያችሁ።