የሩቅ ሰማይ ፎቶ በአንድ ካሜራና በአንድ ትራይፖድ እንዴት ይነሳል?

ቴሌስኮፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። አንድሮሜዳ ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ሰማይ ላይ ያለው ስፋት ግን ከሙሉ ጨረቃ ስድስት እጥፍ ይሆናል። የማናየው ደብዛዛ ስለሆነ እንጂ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ የሚያስፈልገን ብዙ ብርሃን ነው፤ ማጉላት ይቆየን። ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ፣ የ50 ሚሊሜትር ሌንስና ጠንካራ ትራይፖድ ይበቃል። ትራይፖዱ ላይ ግን አትሰስቱ። ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ፤ ከከተማ መብራት ራቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሪዮን ኔቡላን ሞክሩ፤ ኔቡላ ማለት ሰማይ ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። በመስመር የተደረደሩትን ሦስት የኦሪዮን ኮከቦች ካገኛችሁ፣ ከአጠገባቸው በቀጭኑ የተንጠለጠለ ሌላ የኮከቦች ሰልፍ አለ። መሀሉ ላይ ያለው ብዥ ያለ ነገር እሱ ነው። ሰባቱ ከዋክብትም ለጀማሪ ጥሩ ናቸው።

ካሜራውን ማንዋል ላይ፣ ማለትም ሁሉን ራሳችሁ የምታስተካክሉበት ላይ፣ አድርጉ፤ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ይሁን፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600፤ የሌንሱ ቀዳዳ 2.8 አካባቢ። ሹተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ስንት ሰከንድ ይከፈት? ምድር ስለምትዞር ብዙ ከቆየ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል። የተለመደው ስሌት 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል ነው፤ በ50 ሚሊሜትር 10 ሰከንድ ይወጣል። ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ካሜራ ከሆነ ያንን ለ1.5 አካፍሉት፣ ወደ 6.7 ሰከንድ ይወርዳል። ለእኔ ይህ ስሌት ቸር ነው፤ 4 ሰከንድ ላይ ኮከቦቼ ይበልጥ ክብ ይሆናሉ። ካሜራው ራሱ ኖይዝ (ፎቶውን የሚያበላሽ ነጠብጣብ) የሚቀንስበትን ማስተካከያ ደግሞ አጥፉት፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ሰከንድ ይበላባችኋል።

አሁን ወደ ፎከስ፣ ማለትም ምስሉን ጥርት ወደ ማድረጉ። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው።

አውቶፎከስ ጨለማ ውስጥ ይደናበራል፤ አጥፉት። ሌንሱ ላይ ያለውን የተጋደመ ስምንት የመሰለ ምልክትም አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ከምልክቱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። ይልቅ እንደ ሲሪየስ ያለ ደማቅ ኮከብ ፈልጉና ስክሪኑ ላይ እስከ መጨረሻው አጉሉት። ከዚያ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በጣም በቀስታ አዙሩ። ኮከቡ ከዳቦ ወደ አተር፣ ከአተር ወደ መርፌ ጫፍ እያነሰ ይሄዳል። እዚያ ላይ አትቁሙ። እንደገና ማበጥ እስኪጀምር እለፉትና ተመለሱ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ ቅድም ያልነበሩ ደቃቃ ኮከቦች ዙሪያውን ብቅ ብቅ ይላሉ።

እኔ ይህን ሁሉ አድርጌ ጉድ ሆኛለሁ። ሲሪየስ ላይ ፎከሱን አሳምሬ፣ ካሜራውን ወደ ኦሪዮን ሳዞር ጣቴ ቀለበቱን ነካ አደረገው። አላወቅኩም። ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ ከ200 በላይ ፎቶ አነሳሁ። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሁሉም ያምር ነበር። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው እያንዳንዱ ኮከብ መሀሉ ባዶ የሆነ ቀለበት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ይህን ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አያድነውም።

ከዚያ ወዲህ ፎከሱ እንደተገኘ ቀለበቱን በፕላስተር አሽገዋለሁ። አንድ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ አያለሁ። አየሩ ሲቀዘቅዝ ሌንሱም ስለሚለወጥ በየግማሽ ሰዓቱ እደግመዋለሁ። ባህቲኖቭ ማስክ የሚባል ስንጥቅ ስንጥቅ ያለው ክዳንም አለ፤ ሌንሱ ፊት ሲደረግ ኮከቡ ሦስት ጨረር ያወጣል፣ የመሀለኛው ልክ መሀል ሲሆን ፎከሱ ደረሰ ማለት ነው። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ዋጋውን የመለሰልኝ እሱ ነው።

የቀረው ትዕግስት ነው። ካሜራውን በእጅ ላለመንካት ታይመር ተጠቀሙና 200፣ 300 ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ተደራርበው አንድ ምስል ይሆናሉ። ኔቡላው ከመሀል ሲሸሽ በየጥቂት ደቂቃው መልሱት። የፎቶውን ብዛት አራት እጥፍ ስታደርጉ ጥራቱ በእጥፍ ይጨምራል። ከመነሳታችሁ በፊት ሌንሱን ከድናችሁ በዚያው ሰከንድና አይኤስኦ 20 ያህል ጥቁር ፎቶ አንሱ፤ የካሜራውን የራሱን እንከን ቀንሶ ለማውጣት ነው። እዚያው ብርዱ ላይ ይሁን፤ ሴንሰሩ ሲሞቅ እንከኑም ይለወጣል።

ፎቶዎቹን እርስ በርስ የሚደራርቡ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ። ዲፕስካይስታከር አንዱ ነው፤ እኔ ሲሪልን እመርጣለሁ፣ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ተደራርቦ የሚወጣው ምስል ጥቁር ቢመስል አትደንግጡ። ብርሃኑ ሥር ተደብቋል፤ ደብዛዛውን ክፍል በጥቂት በጥቂቱ እየሳባችሁ አውጡት። ሰማዩን ግን ድፍን ጥቁር አታድርጉት፤ የኔቡላው ስስ ጠርዝ አብሮ ይጠፋል። ኦሪዮን ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ነጣ ያለው መሀሉ ነው፤ ከዚያ ሮዝ የሆነ ክንፍ የመሰለ ነገር በግራና በቀኝ ይዘረጋል።

ያ ክንፍ ከታያችሁና ሱሱ ከያዛችሁ፣ ያኔም ቢሆን ቴሌስኮፑ ይቆይ። መጀመሪያ ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞር ትራከር ግዙ። 4 ሰከንዱ ወደ 2 ደቂቃ ያድጋል።