ለዓመታት የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ለዓመታት የቆመ ሞተር ሳይክል መሸፈኛው ሲገለጥ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ቤንዚን ጋ ነው። ቀጥሎ እግሩ ኪኩ ላይ ይወጣል። እባካችሁ ቆዩ። መቆሙ ካደረሰበት ጉዳት ይልቅ በችኮላ የተረገጠው የመጀመሪያው ኪክ ሊብስ ይችላል። ፒስተን በደረቀ ሲሊንደር ውስጥ ሲንቀሳቀስ ግድግዳውን ይጭረዋል። ያ ደግሞ ሲሊንደር እስከማስቀየር ያደርሳል።

አንድ ምክር ብቻ ላስቀድም። አንዱን ነገር አስተካክሉና ሞክሩ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። ሦስት ነገር ባንዴ የነካ ሰው ጥፋቱ የቱ ጋ እንደነበር አያውቅም።

ኪኩ አልወርድ ካለ

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዝገት ነው። የፒስተኑ ፋሻዎች (ዙሪያውን የታጠቃቸው ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀዋል። ኪኩ ላይ ቆማችሁ አትዝለሉ፤ የኪኩ ጥርስ ይሰበራል።

ካንዴላውን (እሳት የሚፈነጥቀውን ዕቃ) ፍቱና በቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምሩ። በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ ተዉት። ከዚያ ከፍተኛውን ማርሽ አስገቡና የኋላ ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ወዝውዙ።

ከአባቴ የወረስኩት ሞተር ሳይክል አራት ቀን ሙሉ እንደ ድንጋይ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጎማው የጣት ወርድ ያህል ሄደ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ በመዳፌ ነው የተሰማኝ። ልቤ እየዘለለ ቢሆንም አልገፋሁትም። ዘይት ጨምሬ ወጣሁ። በሰባተኛው ቀን ሙሉ ዙር ዞረ።

ሞተሩ ከተላቀቀ በኋላም ካንዴላውን አትመልሱ። አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ጨምራችሁ ብዙ ጊዜ በቀስታ አዙሩት። አሮጌውን የሞተር ዘይት አፍስሱ። ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ይዞራል፣ ግን አይነሳም

መጀመሪያ እሳት መኖሩን እዩ። ካንዴላውን የሽቦው ኮፍያ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ኪኩን ርገጡ። ቤንዚን ካለበት ቀዳዳ ግን አርቁት። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው።

ጭራሽ እሳት ከሌለ፣ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላው እሳት የሚያስነሳ መገናኛ) ያለው አሮጌ ሞተር ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራሱ ፑንቲናው ነው። ሲቆም በዓይን የማይታይ ስስ ነገር ፊቱን ይሸፍነዋል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጉት፤ ከዚያ ንጹህ ወረቀት መሃሉ አስገብታችሁ ጎትቱ። ክፍተቱ ብዙዎቹ ላይ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ የራሱን መመሪያ ግን እዩ። ፑንቲናው ላይ ብልጭታው ከበዛ ኮንደንሰሩ (ይህን ብልጭታ የሚቀንሰው ዕቃ) ሞቷል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቀይሩት።

ባትሪውንም አትርሱ። አንዳንዱ ሞተር ባትሪው ከሞተ እሳት አይሰጥም። ብዙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ 6 ቮልት ናቸው፤ የመኪና 12 ቮልት ብትሰጧቸው አምፖሉንም ሽቦውንም ታቃጥላላችሁ።

እሳቱ ደህና ከሆነ የአየር ማጣሪያውንና ማርሚታውን ፈትሹ። አይጥ ጎጆ የምትሠራበት ቦታ ነው።

በቾክ ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል

ቾክ ማለት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት አየሩን የሚቀንሰው መዝጊያ ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ ሙጫ የመሰለ ነገር ትቷል። ያ ሙጫ የነዳጅ እጀታው ሳይጠመዘዝ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ቤንዚን የሚጠጣበትን ትንሿን ጂግለር (ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎን) ይደፍናል። ቀዳዳዋ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም።

ጂግለሯን ፍቱና ወደ ብርሃን አንሱ። በመሃል ክብ የብርሃን ነጥብ ካላያችሁ ተደፍናለች። የካርቡሬተር ማጽጃ ውስጥ ዘፍዝፏትና በአየር ንፉ። እምቢ ካለች ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር አውጥታችሁ አሳልፉባት። መርፌና ብረት ሽቦ ግን በፍጹም! ናሱን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ መቼም በልኩ አይጠጣም።

ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑን የሚዘጋው መርፌ ቆሽሿል ወይም መርፌውን የሚገፋው ተንሳፋፊ ተቀዷል። ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ጠጥቷል።

ጥቂት ሄዶ ይጠፋል

ሲጠፋ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። አየር ሲስብ ከተሰማና ሞተሩ መልሶ ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል። አጽዱት፤ አለቀ።

ካልሆነ የታንኩ ዝገት እየወረደ የቤንዚን መክፈቻውን ማጣሪያ እየደፈነ ነው። ታንኩን አውርዱ፣ ኮምጣጤ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩ። ከዚያ በውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ ወዲያው አድርቁና ቤንዚን ሙሉበት። እርጥብ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል።

ጭሱ አላቆም ካለ

መጀመሪያ ላይ ማጨሱ አያስደንግጣችሁ፤ የጨመራችሁት ዘይት እየነደደ ነው። የዘይት ታንኩ ለብቻው የሆነ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር፣ እንደ ትራያምፍና ቢኤስኤ ያለ፣ ሲቆም ዘይቱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ከማስነሳታችሁ በፊት ከስር አፍስሱት። ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲግል እንኳ ማጨሱን ካላቆመ የክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ጎሚኒ ደርቆ የማርሽ ዘይት እየሳበ ሊሆን ይችላል።

ማርሽ ሲገባ ዘሎ ይጠፋል

የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው ክፍል) ሸራዎቹ ተጣብቀዋል። ሞተሩን አሙቁትና አጥፉት፤ ከዚያ የፍሪሲዮኑን እጀታ ከመሪው ጋር አስራችሁ አሳድሩ። ካልተላቀቀ ከፍቶ አንድ በአንድ መለያየት ነው።

ተነስቷል፣ ግን መንገድ አይውጣ

እዚህ ጋ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ቀይሩት። ታምቡር ፍሬን ከሆነ ክፈቱት። የአሮጌ ፍሬን ሸራ ማጣበቂያ በዕድሜ ይለቃል፤ ሸራው እየሄዳችሁ ተላቆ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል።

ጎማው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ ካለው የዶት (DOT) ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2315 ካለ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2015 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ከነካላማዳሪያው ይጣል።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን። ስትቆሙ እጃችሁን ወደ ጎማዎቹ መሃል አስጠጉ። አንዱ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ ገፍታችሁ መልሱትና ፍቱት።