ቪዲዮውን ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄ ጻፉ

በቴሌግራም የተላከላችሁን የትምህርት ቪዲዮ ስታዩ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳባችሁ የሚበተን ከሆነ ይህን ሞክሩት። መጀመሪያ መልሱን የምር ማወቅ የምትፈልጉትን አንድ ጥያቄ ደብተር ላይ ጻፉ። ድሬዳዋ ያለ የኢኮኖሚክስ ተማሪ «ቀፊራ ገበያ ጠዋት የተወደደ ቲማቲም አመሻሽ ላይ ለምን ይረክሳል?» ብሎ ስለ አቅርቦትና ፍላጎት ቢከፍት፣ ዝም ብሎ «ምዕራፍ 3» ብሎ ከመክፈት በጣም ይለያል።

ከዚያ በየ10 ደቂቃው አቁሙት። ስልኩን ገልብጣችሁ የሰማችሁትን በቃላችሁ ጻፉ፤ ያልመጣላችሁን ብቻ ተመልሳችሁ እዩ።

ጥያቄው ፍላጎትን ይቀሰቅሳል። ደጋግሞ ማየት ግን የገባን ያስመስላል እንጂ ትምህርቱን አእምሯችን ውስጥ አያስቀርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በልጠው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ የበለጡት ግን አንብበው በቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው።

ለሒሳብ ግን ማስታወሻው አይበቃም፤ ቪዲዮውን አቁማችሁ ጥያቄውን ራሳችሁ ሥሩት። ደግሞ በድሬ የቀትር ሙቀት አትታገሉ፣ ጎህ ሲቀድ ይሻላል።