ትንሽ ካሜራ ስትገዙ የሳጥኑን ቁጥር ሳይሆን ታፔላውን እመኑ

አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ፣ ሐይቅ ዳር ወፍ ለማንሳት ትንሽ የዙም ካሜራ የምትፈልጉ፣ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «60 እጥፍ» አያታላችሁ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ዲጂታል ዙም ነው፤ ምስሉን ቆርጦ ይለጥጠዋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም። እሱንማ ቤት ገብታችሁ በስልካችሁም ትሠሩታላችሁ።

ደሴ ፒያሳ ሱቅ ገብታችሁ ከሆነ፣ ዲጂታል ዙሙን አጥፉ፣ በሩ ላይ ቁሙና ማዶ ያለውን ታፔላ እስከ መጨረሻው አቅርባችሁ አንሱት። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉሉት። ከታች በደቃቁ የተጻፈው ስልክ ቁጥር ጥርት ብሎ ከተነበበ የቀበሮው ጢምም አይጠፋችሁም። ከደበዘዘ ዋጋ አትከራከሩ፣ መልሱለት።

ካሜራው ምን ያህል እንደሚያቀርብ የምታውቁበት ሒሳቡም ቀላል ነው፦ መግለጫው ላይ በ35 ሚሊሜትር ስሌት የተጻፈውን የሌንሱን መነሻ ቁጥር በኦፕቲካል ዙሙ፣ ማለትም ሌንሱ ራሱ በሚያቀርበው እጥፍ፣ አባዙ። 24 በ30 ሲባዛ 720 ሚሊሜትር ይሆናል። ለቀበሮና ለወፍ ከ400 ባትወርዱ ይሻላል፤ ጭላዳ ግን ሰው ከለመደ እምብዛም ስለማይሸሽ 200ም ይበቃል። ዓይናችሁን አስጠግታችሁ የምታዩበት መመልከቻ ያለውን ምረጡ። ፊት ላይ ስለሚደገፍ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ የደጋ ፀሐይም ስክሪኑን ስታጠፋው አትቸገሩም።

ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ግን ሙሉውን ዙም አትጠቀሙ። ትንሽ ካሜራ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚያስገባው ብርሃን ስለሚያንስ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።