“አሪፍ ነው በርቱ” ብለውን ሄዱ፣ አሁን ምን እንጻፍ? የተማሪ ክሊፕ ግምገማ ችግርና መፍትሄ

ለትምህርት የሰራችሁት የሙዚቃ ክሊፕ አልቋል፣ ለሰው ታይቷል፣ የአስተያየት ፎርሙም ተሞልቷል፣ የቀረው “ከተመልካች አስተያየት ተነስታችሁ ስራችሁን ገምግሙ” የሚለው ክፍል ነው። ብዙ ቡድን እዚህ ጋ ሲደርስ ይደናገራል ምክንያቱም የተሰበሰበው አስተያየት ወይ ምንም አይልም ወይ እርስ በርሱ ይጣላል። ስለዚህ በብዛት የሚሰሙትን አስተያየቶች አንድ በአንድ እያነሳሁ ከጀርባቸው ምን እንዳለና ምን እንደሚደረግ ልጻፍ። ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ተመልካች እንደ ታማሚ ነው፣ የት ጋ እንዳመመው በደንብ ያውቃል፣ መድሀኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። “አሳጥሩት” ሲላችሁ ቶሎ ብላችሁ መቁረጥ አትጀምሩ፣ መጀመሪያ የቱ ጋ ሲደርስ እንደዛ እንዳሰበ ጠይቁት።

ምልክት፦ ሁሉም ሰው “አሪፍ ነው በርቱ” ብሎ ሄደ

ይሄ ክሊፑ ተወደደ ማለት አይደለም፣ አልተወደደም ማለትም አይደለም፣ ፊድባክ ገና አልተሰበሰበም ማለት ነው በቃ። የተጠየቀው ሰው ጓደኛ ነው፣ የክፍል ልጅ ነው፣ እህት ናት፣ ሰሪው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ፊቱን እያየው ነው፣ እንደዛ ሆኖ “ደበረኝ” የሚል ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት ይጠቅማችኋል። ሌላው ደግሞ ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። “ኤዲቲንጉን ምን ያህል ወደድከው?” ሲባል መውደዱ ቀድሞ ተወስኖለታል፣ የቀረው ልኩን መናገር ነው።

መፍትሄ፦ የማያውቃችሁ ሰው ይየው። ሲያይ አጠገቡ አትሁኑ፣ መሆን ግድ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን ሳይሆን ሰውየውን እዩት፣ የቱ ሰከንድ ላይ ስልኩን ነካ፣ የቱ ጋ ሳቀ (መሳቅ በሌለበት ቦታ ከሳቀማ በተለይ) ጻፉት። ጥያቄውንም ቀይሩት፦ “ላላየ ሰው ክሊፑን በሁለት አረፍተ ነገር ንገረው”፣ “አንድ ሾት አውጣ ብትባል የቱን ታወጣለህ?” (ሾት ማለት ሳይቆረጥ የሚሄድ አንድ ቀረጻ ነው)፣ “አሁን ሳታይ ትዝ የሚልህ ሾት የቱ ነው?”። የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ሰዉ በሙሉ አንድ ሾት ብቻ አስታውሶ እሷም 10ኛው ሰከንድ ላይ ያለችው ከሆነች ስለቀረው 3 ደቂቃ በቂ መልስ አግኝታችኋል።

ምልክት፦ “ረዘመ”፣ “መሀል ላይ ይደብራል”

ዘፈኑ 4 ደቂቃ ከሆነ ክሊፑም 4 ደቂቃ ነው፣ ማሳጠር የማይቻል ነገር ነው ስለዚህ ቡድኑ የሚያደርገው ካት መጨመር ነው፣ በየቢቱ መቁረጥ፣ ዙም ምናምን፣ ፍላሽ። ከዛ እንደገና ሲያሳዩት ሰው አሁንም “ረዘመ” ይላል፣ አሁን ደግሞ “አይን ያደክማል” ተጨምሮበታል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፍጥነት አይደለም፣ አዲስ ነገር ማለቁ ነው። የተማሪ ክሊፕ ውስጥ በተደጋጋሚ የማየው ነገር አለ፦ እስከ መጀመሪያው አዝማች ድረስ ያለው ሁሉ ነገር፣ ሎኬሽኑም ልብሱም ዳንሱም፣ ባንዴ ይወጣል፣ ሁለተኛው ቤት (ከአዝማቹ ቀጥሎ የሚመጣው የግጥም ክፍል) ሲጀምር ያው ግድግዳ፣ ያው ጃኬት፣ ያው ልጅ እየሄደ። ተመልካቹ 1፡20 አካባቢ ላይ “ገባኝ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ የለም” ብሎ ወስኗል። ይሄን ውሳኔ ነው “ረዘመ” ብሎ የሚነግራችሁ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ወረቀት ላይ የዘፈኑን ክፍሎች በተርታ ጻፉ፣ መግቢያ፣ ቤት፣ አዝማች፣ ቤት፣ አዝማች፣ ድልድዩ (ከቤቱም ከአዝማቹም የተለየው ክፍል) ካለ እሱ፣ መጨረሻ፣ ከእያንዳንዱ ስር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየውን ነገር ብቻ ጻፉ። ባዶ የቀረው ቦታና ሰው ስልኩን የነካበት ሰከንድ ከገጠሙ ምክንያቱን አገኛችሁት። መፍትሄውም ከዚሁ ወረቀት ይወጣል፦ አዲስ ቀረጻ ሁልጊዜ አያስፈልግም፣ ካላችሁ ነገር አንዱን ከመጀመሪያው አውጥታችሁ ለሁለተኛው ቤት አስቀምጡት። ሶስት ሎኬሽን ካላችሁ ሶስተኛው ከ2ኛው አዝማች በፊት አይታይ። መዝጊያው ላይ ደግሞ የቀደመውን ሁሉ የሚቀይር አንድ ነገር ካለ፣ ሌላ ሰው መምጣቱ ወይ ቦታው ባዶ ሆኖ መታየቱ፣ ጨርሶ ቀድሞ አይውጣ።

በነገራችን ላይ ዩቲዩብ ላይ ከጫናችሁት ሰው የቱ ጋ እንደሚወጣ የሚያሳይ ግራፍ ይሰጣችኋል፣ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን ተመልካቹ ጥቂት ከሆነ አንድ ሰው ስልክ ተደውሎለት ሲወጣም ግራፉ ስለሚወድቅ ብቻውን አትመኑት። የራሳችሁ ቪው ደግሞ ውስጡ አለ፣ እሱን አትርሱ።

ምልክት፦ “አፉ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም”

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አንድ አይነት ቅሬታ ነው ግን ቢያንስ አራት የተለያየ በሽታ ነው፣ የአንዱ መድሀኒት ለሌላው አይሰራም። መጀመሪያ “ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው ወይስ እየቆየ ነው የሚበላሸው?” ብላችሁ ለዩ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን ከተዛባ ድምጹ ታይምላይን (ኤዲቲንግ ላይ ምስሉና ድምጹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ተንሸራቷል። ፍሬም በፍሬም (ፍሬም ማለት ቪዲዮው የሚሰራበት አንዱ ቋሚ ምስል ነው) ግፉት፣ ከንፈር የሚገጥምባቸው ፊደሎች ላይ፣ መ፣ በ እና ፐ፣ ቆማችሁ ከንፈሩ የተዘጋበትን ፍሬም ፈልጉና በሱ ለኩ። ስንት ፍሬም ይፈቀዳል ካላችሁ፣ የአለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ህብረት ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክረ ሀሳብ መሰረት ሰው መዛባቱን ማወቅ የሚጀምረው ድምጹ ከምስሉ ወደ 45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም ወደ 125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ላይ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ድምጹ ሁለት ፍሬም ከቀደመ ተነቅቶባችኋል፣ ሁለት ፍሬም ከዘገየ ግን ብዙ ሰው ላይ ያልፋል። ከተጠራጠራችሁ ድምጹን በትንሹ ወደ መዘግየቱ አድሉት።

መጀመሪያ ላይ ገጥሞ መጨረሻ ላይ ከሄደ ግን መግፋት አይረዳም፣ ፍጥነቱ ነው የተለያየው። ዋናው ተጠርጣሪ ስልክ ነው፣ ብዙ ስልኮች ሲቀርጹ ፍሬም ሬቱን (በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንደሚቀረጽ) እንደ መብራቱ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል፣ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ደግሞ ቋሚ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉን በሃንድብሬክ ወይም በሌላ የቪዲዮ መቀየሪያ ሶፍትዌር ቋሚ ፍሬም ሬት አድርጉት። ሌላው በሴኮንድ 24 ፍሬም እና 23.976 ፍሬም ሲቀላቀሉ ነው፣ ልዩነቱ ከሺህ አንድ ስለሆነ ማንም አይፈራውም፣ ግን በ4 ደቂቃ ዘፈን መጨረሻ ላይ 0.24 ሰከንድ ይሆናል፣ ያ ደግሞ 6 ፍሬም ገደማ ነው፣ ለማንም ይታያል።

ሶስተኛው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የተናገረው ሌላው አላስተዋለም። በብሉቱዝ ማዳመጫ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ብሉቱዝ ድምጽ ያዘገያል፣ አንዳንድ ፕሌየር ያስተካክለዋል አንዳንዱ ይተወዋል። ይሄ የክሊፑ ጥፋት ስላልሆነ በግምገማችሁ ላይ ከስህተት ተራ አውጡትና እንዴት እንዳረጋገጣችሁ ጻፉ።

አራተኛውን እኔ በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ፍሬም ብትቆጥሩ ሁሉም ነገር ይገጥማል፣ ሰዉ ግን “አይገጥምም” ይላል፣ ሰዉም እውነቱን ነው። ዘፋኙ አልዘፈነም፣ አፉን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰው። ረጅም ኖታ ላይ አንገቱ አልተወጠረም፣ ከስንኝ በፊት ትንፋሽ አልሳበም፣ ዘፈኑ ይጮሃል ፊቱ ግን ሹክ እንደሚል ሰው ነው። መፍትሄው ቀረጻ ላይ ነው፦ ዘፈኑን በትልቁ ክፈቱ፣ ዘፋኙ እውነት ጮክ ብሎ ይዝፈን፣ ድምጹ ቢሰበርም ማን ይሰማዋል። ካሜራውም ድምጽ ይቅዳ፣ ያ ድምጽ አይጠቅምም ብላችሁ አታጥፉት፣ በኋላ ከኦርጅናሉ ጋር የምታገጥሙት በሱ ነው። ድጋሚ መቅረጽ ካልተቻለ ደግሞ ክሎዝ አፕ (ፊቱ ቀርቦ የሚታይበት ሾት) የሆነውን ለአጫጭር ስንኞች ብቻ ተዉት፣ ረጅም ኖታ ሲመጣ ወደ እጅ፣ ወደ ጀርባ፣ ወደ ሩቅ ሾት ቁረጡ።

ምልክት፦ “ታሪኩ አልገባኝም”

እዚህ ጋ ወዲያው አትደንግጡ። ክሊፕ ድራማ አይደለም፣ ሁሉም ሰው አንድ አይነት ታሪክ ይዞ መውጣት የለበትም። የሚዲያ ተመራማሪው ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው ሀሳብ ተመልካች መልእክቱን ሰሪው እንዳሰበው ሊቀበለው፣ በከፊል ተቀብሎ በራሱ መንገድ ሊተረጉመው ወይም ጭራሽ ሊቃወመው ይችላል ይላል፣ ይሄ ለግምገማ ጽሁፍ በጣም የሚመች ነገር ነው፣ የመጡትን መልሶች በሶስቱ ስር መደርደር ነው።

ግን “በሌላ መንገድ ገባኝ” እና “ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ” አይምታቱባችሁ። የመጀመሪያው ንባብ ነው፣ ሁለተኛው የስራ ጉድለት ነው። ተመልካቹ ታሪኩን ሲነግራችሁ “እሷ ትታው ሄደች” ካለና እናንተ ያሰባችሁት ሞት ከሆነ ይሄ ይኖራል፣ የሚጻፍም ነው። “ልጅቷ እህቱ ናት ፍቅረኛው?” ካለ ግን ከመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ ግንኙነታቸውን የሚያሳይ አንድ ሾት ጎድሏል። ሁለት ገጸ ባህሪ ጥቁር ሹራብ ከለበሱና ከኋላ ከተቀረጹም ሰው ይምታታበታል። ያለፈ ጊዜና የአሁኑ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ በከለር ብቻ አትለዩት፣ ስልክ ላይ ያ ልዩነት ይጠፋል፣ ልብስ ወይም ቦታም ይቀየር።

ምልክት፦ “ጨለማ ነው፣ አይታይም”

ማታ፣ ስክሪኑን ሙሉ አብርቶ ከለር የሰራ (ቀለሙንና ብርሀኑን ያስተካከለ) ሰው ክሊፑ ቀን በስልክ ሲታይ ይጨልማል። በሁለት ሶስት ስልክ፣ በላፕቶፕና ካለ በፕሮጀክተር እዩት፣ በአይን ብቻ ሳይሆን የብርሀኑን ግራፍ እያያችሁ ፊት ያለበትን መሀለኛ ብርሀን ከፍ አድርጉ፣ ጥላውን ግን ብዙ አታንሱት ኖይዙ (ምስሉ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) ይወጣል። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ የተላከው ተጨምቆ ስለሚደርስ ለግምገማ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት።

ምልክት፦ ግማሹ 5 ሰጠ ግማሹ 1፣ አማካዩ 3

እና ተማሪው “ተመልካቾች በመካከለኛ ደረጃ ወደውታል” ብሎ ይጽፋል። አረ በፍጹም፣ አንድም ሰው 3 አልሰጠም! አማካይ እዚህ ጋ ውሸት ነው። ቁጥሮቹን ሳትደምሩ አስቀምጧቸውና ማን ምን ሰጠ ብላችሁ እዩ። ለራፕ አድማጭ የተሰራ ክሊፕ ራፕ የሚሰሙት 5 ሰጥተውት የማይሰሙት 1 ከሰጡት ችግር ሳይሆን የታለመለትን ሰው አግኝቷል። ተገልብጦ ከመጣ ግን ከባድ ነው፣ የዘውጉ ሰዎች ያልተቀበሉበትን ምክንያት ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ለዚህ ፎርሙ ላይ “ምን አይነት ሙዚቃ ትሰማለህ?” የሚል ጥያቄ ከመጀመሪያው መኖር አለበት፣ ከሌለ በኋላ ማን ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ምልክት፦ ፊድባኩ ሞልቷል፣ ግምገማው ግን ውጤት አላመጣም

ገጹን ስትከፍቱት ባለቀለም ክብ ግራፍ፣ ከስሩ “ከግራፉ እንደምንረዳው አብዛኛው ወዶታል”፣ ቀጥሎ ሌላ ክብ ግራፍ። ይሄ ሪፖርት ነው እንጂ ግምገማ አይደለም። የጎደለው አስተያየቱን ከአንድ የተወሰነ ሾት ጋር፣ ሾቱን ደግሞ ከእናንተ ውሳኔ ጋር የሚያያይዝ አረፍተ ነገር ነው። እንደዚህ አይነት፦ “ሁለተኛው ቤት ላይ ብቸኝነት እንዲሰማ ስለፈለግን ካሜራውን ሳናንቀሳቅስ 14 ሰከንድ ይዘነው ነበር። ካየናቸው ሰዎች አብዛኞቹ እዚሁ ጋ ትኩረታቸው ተበትኗል፣ ትዝ የሚላቸውንም ሾት ሲጠየቁ ማንም አልጠቀሰውም። ሀሳቡን ትተን ሳይሆን ርዝመቱን ወደ 8 ሰከንድ አውርደን መጨረሻው ላይ ልጁ ቀና ብሎ እንዲያይ አደረግን፣ ድጋሚ ላላዩት ሰዎች ስናሳይ ሾቱ ተጠቀሰ።” አንድ እንዲህ ያለ አንቀጽ ከአስር ግራፍ ይበልጣል።

አስተያየት አለመቀበልም ይቻላል። ተመልካቾች “ለምን በጥቁርና ነጭ ሆነ ከለር አድርጉት” ካሏችሁና ጥቁርና ነጩ ለዘፈኑ የተመረጠበት ምክንያት ካላችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ እለፉ። “ተመልካቹ አልገባውም” ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ምክንያት አይባልም።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ፊድባክ ኤክስፖርት ከተደረገ በኋላ ከመጣ የሚቀየር ነገር ስለሌለ ግምገማው ወደ ይቅርታ መጠየቂያ ይቀየራል። ከለር ሳይሰራ፣ ካቱ (ኤዲት የተደረገው ቅጂ) ገና ሻካራ እያለ አንዴ አሳዩ፣ በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ታሪክና ስለ መደበር ብቻ ይሁን፣ ብርሀንና ከለር በሁለተኛው ዙር። ሁለተኛውን ዙር ቀድሞ ላላየ ሰው አሳዩት፣ ያየ ሰው የተቀየረውን ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያውን ካት ደግሞ በራሱ ስም ሴቭ አድርጉ፣ ከላዩ ላይ አትጻፉበት፣ ግምገማው ላይ በፊትና በኋላ ብላችሁ ሁለት ስክሪንሾት ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ከሱ ነው የምታወጡት።