ታድሶ የሚከራይ ባለአንድ መኝታ ቤት፦ ከቀለሙ ሥር ያለውን ለማየት

መተዳደሪያዬ የቧንቧና የሴራሚክ ሥራ ነው። ቤት ሲታደስ ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት የምናየው እኔና የሙያ ጓደኞቼ ነን፤ ተከራይ የሚመጣው ከተደፈነ፣ ከተቀባና ካማረ በኋላ ነው። ስለዚህ ጸጥ ባለ ጥሩ ሰፈር የታደሰ ባለአንድ መኝታ ቤት ልትከራዩ ካሰባችሁ፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት "ምኑ ነው የታደሰው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀለም ተቀብቶ፣ የወጥ ቤት ቁምሳጥን ተቀይሮና አምፖል ተሰቅሎ ታደሰ የሚባል ቤት አለ። የውሃ መስመሩ፣ ፍሳሹና የኤሌክትሪክ ሽቦው ከነጭራሹ የተቀየረበትም አለ። ኪራይ ሲጨመር ግን ሁለቱም ላይ ይጨመራል። አከራዩ "ቧንቧው ሁሉ አዲስ ነው" ካሏችሁ፣ ግድግዳው ተከፍቶ ሳለ የተነሣ ፎቶ እንዳላቸው በትሕትና ጠይቋቸው። በሚገባ ያሠራ ሰው ፎቶው አይጠፋበትም፤ ሲያሳያችሁም ደስ እያለው ነው።

ቤቱን ስታዩ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀምሩ። ሳሎኑ ይቆያችሁ። የሻወሩን ሴራሚክ በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ማጣበቂያው ከሥሩ የሞላ ሴራሚክ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶ የሆነው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። አንድ ሁለቱ ባዶ ቢሆን አያስደነግጥም። በተርታ ባዶ ከሆነ ግን ሥራው የችኮላ ነው፤ ከሥሩ ያለውም መጠርጠር አለበት። መገጣጠሚያው ላይ የሚሞላው ሲሚንቶ ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግድም። የሚያግደው ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው፤ ለመጨረስ ሲጣደፉ በመጀመሪያ የሚዘለለውም እሱ ነው፣ ማንም አያየውምና። ሲዘለል ውሃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሰረገ በማዶው ክፍል ግድግዳ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ከሻወሩ ጀርባ ወዳለው ክፍል ዙሩና ግድግዳውን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ በመዳፋችሁ ዳብሱት። ባለአንድ መኝታ ቤት ላይ ይህ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የአልጋችሁ ራስጌ ነው። ከሌላው ይልቅ የሚቀዘቅዝ፣ ቀለሙ ያበጠ ወይም ነጭ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ውሃ አልፎበታል፤ ዱቄቱ ውሃው ሲተን ትቶት የሄደው ጨው ነው። ሌላው ግድግዳ እንዳለ ሆኖ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ካገኘም ምክንያቱን ጠይቁ። ኮርኒሱንም ቀና ብላችሁ እዩ፤ በፎቅ ቤት መታጠቢያ ቤቶች አንዱ ከሌላው በላይ ስለሚሠሩ የላይኛው ጎረቤት ፍሳሽ የሚያልፈው ከእናንተ ራስ በላይ ነው።

ቀጥሎ ሻወሩንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ አንድ ላይ ክፈቱ፣ ሽንት ቤቱንም ልቀቁ። ሻወሩ ወዲያው የሚቀጥን ከሆነ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቃችሁ ይኸው ነው። ከዚያ ሁሉንም ዝጉና ወደ ውሃ ቆጣሪው ሂዱ። ምንም ሳይከፈት የሚዞር ከሆነ አንድ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው፤ የምትከፍሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽንት ቤቱ ታንክ ነው። ታንኩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ማቅለሚያ ጠብ አድርጉና ሳትለቁት ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቀለሙ ወደ ታች ከወረደ የውስጡ ጎማ አይገጥምም። ቀላል ሥራ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት አስቀይሩት።

ተዘግቶ የቆየ ቤት የፍሳሽ ሽታ ቢኖረው ቶሎ አትሽሹ። ሲፎኑ ውስጥ ተኝቶ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ደርቆ ይሆናል። በወለሉ ማፍሰሻ አንድ ጆግ ውሃ ጨምሩና ሌላውን ክፍል አይታችሁ ተመለሱ። ሽታው ካልቀነሰ ግን ሲፎኑ በትክክል አልተገጠመም ወይም የፍሳሹ መተንፈሻ ተዘግቷል። ይህ በሽቶ የሚሸፈን ነገር አይደለም።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ ልበል፤ እኔ የውሃ ሰው ነኝ። የብሬከር ሳጥኑን አስከፍቱ። የውሃ ማሞቂያውና ምድጃው የየራሳቸው ብሬከር ይኑራቸው። ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ መስመሩን የሚቆርጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊአምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት መቁረጫ መኖሩንም እዩ። በእርጥብ ቦታ ይህ ከሌለ አስገጥሙልኝ በሉ።

አዲስ ቁምሳጥን የሚሸት ከሆነ የሚሸተው ከተጨመቀው እንጨት ማጣበቂያ የሚወጣ ፎርማልዲሃይድ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን ንጥረ ነገር ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ሙቀትና እርጥበት ሲጨምር በብዛት ይወጣል፣ ጊዜ ሲያልፍ ይቀንሳል። ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካላችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት ቤቱ መስኮቱ ተከፍቶ እንዲሰነብት ተስማሙ።

አሁን ወደ ጸጥታው እንምጣ፤ ከፍ ያለ ኪራይ የምትከፍሉት በዋናነት ለእሱ ነው። ቤት የሚታየው ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ በወጣበት ሰዓት ነው። መሽቶ ሰው ሲገባ ተመልሳችሁ ሂዱ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የሊፍቱ ሞተር፣ የውሃ ፓምፑ፣ የላይኛው ሰው ኮቴ ይሰማችኋል? የውጭውን ድምፅ ጥሩ መስኮት ይቀንሰዋል፤ በወለል የሚወርድ ኮቴን ግን መስኮት አያቆመውም። ራስጌው ከሊፍቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት እኔ አልከራይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመኝታ ክፍል ውስጥ ድምፁ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። በስልክ ላይ የሚጫነው መለኪያ ልክክ ባይልም ሁለት ቤት ለማወዳደር ይረዳል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ጆሯችን እጥፍ ያህል አድርጎ ይሰማዋል።

በመስኮቱም ወደ ውጭ ተመልከቱ። አጠገቡ ባዶ ቦታ ወይም ሰው የለቀቀው አሮጌ ቤት ካለ ግንባታ እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ሰፈር ላይ ባዶ ቦታ ብዙ አይቆይም። ጥበቃውን ጠይቁ፤ ከደላላው ይልቅ እሱ ያውቃል።

አልጋችሁን ለክታችሁ ሂዱ። ከአልጋው ጎን ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ካልቀረ ቁምሳጥኑ በደንብ አይከፈትም።

ውሉ ላይ የሚጻፈው ግልጽ ይሁን፦ ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧና ሽቦ ቢበላሽ የሚያሠራው አከራዩ መሆኑ፣ የጥበቃ፣ የጽዳትና የሊፍት ወጪ ኪራዩ ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ በመያዣ የሰጣችሁት ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስና በምን ምክንያት ሊቀነስ እንደሚችል። አከራዩ የቤቱ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆናቸውን በሰነድ ሳታዩ ምንም ገንዘብ አትክፈሉ። ያገኛችሁትን ጉድለት ሁሉ ፎቶ አንሡ፣ የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ንባብ ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ መዝግቡና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ቁልፉን በምትረከቡበት ቀን ደግሞ የመግቢያው በር ቁልፍ ከነሲሊንደሩ እንዲቀየር ጠይቁ። እድሳት ላይ ቁልፍ በቀለም ቀቢው፣ በኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ በአናጢውና በእኔም እጅ ያልፋል፤ ስንት ቅጂ እንደወጣ አከራዩም ላያውቁት ይችላሉ።