ሽንኩርቴ ክረምቱን እንዲያልፍ የማደርገው

የመጀመሪያውን ዓመት ሽንኩርቴን ሐምሌ ላይ ቀበርኩት። ቀበርኩት ስል ቀልዴን አይደለም። ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ፣ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ሽንኩርት ገለበጥኩበት። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ኩሽና ውስጥ የሞተ አይጥ ስንፈልግ ነበር። ዕቃ ጎትተን፣ ምድጃ አንስተን፣ አይጥ የለም። ሽታው ግድግዳ ካስደገፍኩት ማዳበሪያ ነበር የሚመጣው። ከሥሩ ቡናማ ውሃ ወጥቶ ሲሚንቶውን አርሶታል።

ጎረቤቴ ጋሼ በመቂ አካባቢ የአትክልት እርሻ ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። በአጥር በኩል ጉድጓዱን አዩና ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማዳበሪያ ውስጥ የተበላሸ መሰለሽ? መሬት ላይ እያለ ነው ያበላሸሽው» አሉኝ። ያኔ ተናደድኩ። አሁን ግን እኔም ለሰው የምለው ይህንኑ ነው።

ሽንኩርት የሚበሰብሰው በአንገቱ በኩል ነው። አንገት የምለው ቅጠሉና ራሱ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። እሱ እርጥብ ከሆነ ሻጋታውም መበስበሱም በዚያ ይገባል። በደንብ ከደረቀ ደግሞ በገመድ እንደታሰረ የከረጢት አፍ ጭምድድ ብሎ ይዘጋል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ይህን አፍ ለመዝጋት ነው።

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ከቤቴ ጀርባ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች መሬት አለችኝ። ደህና ዓመት ሲሆን 50 ኪሎ ገደማ ትሰጠኛለች። ለማቆየት የሚሆነው 40 ኪሎ ቢደርስ ነው። ቤታችን በቀን ግማሽ ኪሎ ይበላል። ስለዚህ 40 ኪሎ ማለት 80 ቀን ነው። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሬ ብበላው ጳጉሜን ይዞኝ ይወጣል ማለት ነው። ግንቦትን ከገበያ እገዛለሁ፤ የራሴን አልነካም። ዝናቡ ከገባ በኋላ ገበያ ላይ የምናገኘው ሽንኩርት ግማሹ ውሃ የጠጣ መሆኑን ታውቁታላችሁ።

ስለ ተከላው ብዙ አልልም። ኅዳር አጋማሽ ላይ ችግኝ አፈላለሁ፤ ጥር መግቢያ ላይ አዛውራለሁ። በመስመር መካከል 20፣ በችግኝ መካከል 10 ሳንቲሜትር። የምተክለው ቦምቤይ ሬድ የሚባለውን ዝርያ ነው፤ ቶሎ ስለሚደርስ ከሰኔ ዝናብ ያስመልጠኛል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ዩሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ካዛወራችሁ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ አትጨምሩ። ዘግይቶ የተሰጠው ማዳበሪያ ቅጠሉን ያፋፋል፣ አንገቱም እንደ በሬ አንገት ይወፍራል። ወፍራም አንገት አይዘጋም።

አማቴ የምንጃር ሰው ናቸው። ለእሳቸው ሽንኩርት ማለት ትንሿ የሐበሻ ሽንኩርት ናት። የእኔን ትልልቁን ሲያዩ «ይሄ እንኳ ጎመን ነው» ይላሉ። በአንድ ነገር ግን እውነት አላቸው፤ የሐበሻዋ ከፈረንጁ የበለጠ ትቆያለች። ጣጣዋ መላጥ ነው። መላጥ የሚችል ሰው ያለው እሷን ይትከል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሚያዝያ ላይ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እያለ ይመጣል። ከዚያ አንድ ሁለቱ ተጠምዝዞ መሬት ላይ ይተኛል። ይህን ያያችሁ ቀን ውሃ አቁሙ። ይህ ለእኔ በጣም ከባድ ነበር። ፀሐዩ ይከራል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ አንጀቴ አልችል ይላል። በመጀመሪያው ዓመት አሳዝኖኝ እስከ መጨረሻው ቀን አጠጣሁት። በኪሎ ደህና ነበር፣ ሲያዩትም ያበጠ ነገር ነው። ያበጠው ግን በውሃ ነበር። አሁን ሳይነቀል ሁለት ሳምንት ሙሉ በደረቅ መሬት ላይ ይቆያል።

ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ከአሥር ተክል ሰባቱ እስኪተኛ ድረስ ነው የሚጠበቀው። ቅጠሉን በእግር እየረገጡ የሚያስተኙ ሰዎች አሉ፤ ቶሎ እንዲደርስ ብለው። እኔም አንድ ጊዜ በመጥረጊያ እንጨት አስተኝቼዋለሁ። ጋሼ አዩና «ሰው እንቅልፍ ሳይመጣው ብትገፊው ይተኛል?» አሉኝ። በራሱ የሚተኛው አንገቱ ስለሳሳ ነው። ተገፍቶ የተኛው ግን አንገቱ ተሰብሮ ቁስል ሆኗል።

ፈተናው ፋሲካ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ውስጥ ይውላል፤ ሽንኩርቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው። ለዶሮው ከዳር ያለውን አንድ መስመር እነቅላለሁ፣ እሱ ለወዲያው ነው። የቀረውን አላስነካም። ሙሉ በሙሉ ደርቆ እስኪሞት መተውም ግን ጥሩ አይደለም። በመሃል ዝናብ ከጣለበት እንደገና ሥር ያወጣል።

የምነቅለው ብዙውን ጊዜ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። ጠዋት፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ። በመኮትኮቻ ከራሱ ትንሽ ራቅ ብዬ አፈሩን አነሳዋለሁ፤ ከዚያ በእጄ ይወጣል። ቅጠሉን ይዞ መጎተት አንገቱን ይጎዳዋል። ባልዲ ውስጥ መወርወርም የለም። የተመታ ሽንኩርት የዚያን ቀን ምንም አይመስልም፤ ከወር በኋላ ነው የሚናገረው። እንደ እንቁላል አስቀምጡት።

አትጠቡት። ይህን የምለው እኔ በሳፋ ስላጠብኩት ነው። ያኔ ንጹሕ ሆኖ ሲያብለጨልጭ ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ። አፈሩ ሲደርቅ በእጅ እሽት ሲያደርጉት ይረግፋል።

የተነቀለውን አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን መደቡ ላይ እተወዋለሁ። ግን ራቁቱን አይደለም። የሁለተኛው ረድፍ ቅጠል የመጀመሪያውን ረድፍ ራስ እንዲሸፍን አድርጌ እደረድረዋለሁ፣ ልክ እንደ ሣር ክዳን። እኛ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ የግንቦት ፀሐይ ቀልድ የለውም። ፀሐይ የመታው ሽንኩርት በአንድ ጎኑ ይነጣል፣ ሥጋው የተቀቀለ ይመስላል፣ በዚያው በኩልም ይበሰብሳል።

ከዚያ ወደ በረንዳ ይገባል። እዚያ አንድ የድሮ ሽቦ አልጋ አለኝ፤ ፍራሹ ካለቀ ዓመታት አልፈውታል። ባለቤቴ ለቆራሌው ሊሸጠው ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። ለሽንኩርት ከእሱ የተሻለ ነገር አላየሁም። ከላይም ከታችም ነፋስ ያገኛል። ከነቅጠሉ አንድ ድርብ ብቻ እዘረጋለሁ። እላይ በላይ አልቆልልም። ሽቦ አልጋ የሌለው የቀርከሃ ቆጥ መሥራት ይችላል። ሲሚንቶ ላይ ማስጣት ግን ከሥር እርጥበት ይይዛል።

10 ቀን እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል። የግንቦት ከሰዓት ዝናብ ድንገት ሲመጣ በላስቲክ መሸፈን ያምራችኋል። አትሸፍኑ። ላስቲክ ሥር ያልበዋል። ዝናቡ በጎን የሚገባ ከሆነ አልጋውን ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

መድረቁን በቀን ቆጠራ አላውቅም፤ በእጄ ነው። አንገቱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ይዤ አሸዋለሁ። ውስጡ የሚንሸራተት ነገር ካለ ገና ነው። እንደ ደረቅ የበቆሎ ልጣጭ ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። ሥሩም በጣት ሲነካ ይሰበራል። የውጭው ልጣጭ እንደ ወረቀት ይሆናል። ከተጠራጠራችሁ ሦስት ቀን ጨምሩ። ስለበዛ መድረቅ ሽንኩርቱን ያጣ ሰው አላውቅም።

ከዚያ በመቀስ ቅጠሉን እቆርጣለሁ፤ 3 ሳንቲሜትር ያህል ጭራ አስቀርቼ። አንድ ዓመት ልጆቼ እንዲያግዙኝ ሰጠኋቸውና እንዲያምር ብለው ከሥሩ ላጩት። የዚያን ዓመት ሽንኩርቱ ሐምሌን አልወጣም። ግማሹን ደግሞ አልቆርጠውም፤ ይጎነጎናል። የምትጎነጉነው ትልቋ ልጄ ናት፤ ሹሩባ ትችላለች። መሃል ላይ የጆንያ ገመድ ታስገባና ከ12 እስከ 15 ራስ ታያይዛለች። ገመድ ከሌለው የደረቀው ቅጠል ክብደቱን አይችልም፣ ሌሊት ይወርድና ያስደነግጣል።

አሁን መለየት ነው። አንገቱ የወፈረ፣ አበባ አገዳ ያወጣ፣ መንታ የሆነ፣ መኮትኮቻ የነካው፣ እነዚህ ወደ ጓዳ ይሄዳሉ፤ ከሁሉ በፊት ይበላሉ። አበባ ያወጣው መሃሉ ላይ እንጨት አለው፣ በዚያ በኩል ውሃ ይገባል። እጅግ ትልልቁንም ቀድሜ እበላዋለሁ። የሚቆየው መካከለኛው ነው፤ ጠንካራው፣ በጡጫ የሚያዘው።

የት እናስቀምጠው? ሽንኩርት ሙቀት ላይ ይተኛል፣ ብርድ ላይም ይተኛል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ደረቅ ሙቀት አይበቅልም፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ብርድም እንዲሁ። የሚነቃው በመሃል ነው፣ 10 እና 20 ዲግሪ መካከል። የእኛ ክረምት ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው፣ እርጥበቱ ተጨምሮበት። ቀዝቃዛ መጋዘን ስለሌለን ያለን ምርጫ ወደ ሙቀቱ መጠጋት ነው። የድሮ ሰዎች በቆሎና ነጭ ሽንኩርት ከምድጃ በላይ የሚሰቅሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔም ጉንጉኑን ኩሽናዬ ወጋግራ ላይ እሰቅላለሁ። በሳምንት ሁለቴ በእንጨት እንጀራ እንጋግራለን፤ ሙቀቱና ጭሱ ያደርቀዋል። የድስት እንፋሎት በቀጥታ እንዳያገኘው ግን ፈንጠር አድርጉት።

የተቆረጠው በእንጨት የቲማቲም ሳጥን ይገባል። ሦስት ድርብ፣ ከዚያ በላይ የለም። ሳጥኑ በጡብ ከመሬት ይነሳል፣ ከግድግዳም ትንሽ ይርቃል። ማዳበሪያ፣ ፌስታል፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ እነዚህ ሁሉ ለሽንኩርት መቃብር ናቸው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ በብርቱካን መረብ ከረጢት አድርጋችሁ ዝናብ የማይደርስበትና ጨለም ያለ ቦታ ስቀሉት። ፍሪጅ አይሆንም፣ እርጥበት አለው። ከድንች ጋርም አታስቀምጡት፤ ድንቹ እርጥበት ይሰጠዋል፣ ሁለቱም ተያይዘው ይበላሻሉ። የእኔ እህት ይህን ዛሬም አታምንም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዳብሳቸዋለሁ። አንገቱ ላይ በአውራ ጣት ጫን፤ ከለሰለሰ ይወጣል። አንድ የበሰበሰ ጎረቤቶቹን ይዞ ነው የሚሄደው። ልጣጩ ላይ እንደ ጥላሸት ጥቁር ዱቄት ካያችሁ ሻጋታ ነው። ከላይ ብቻ ከሆነ ያንን ልጣጭ አንስታችሁ ዛሬውኑ ሥሩት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ጣሉት። ያቆጠቆጠው ይበላል፣ አረንጓዴውም ለሰላጣ ጥሩ ነው። ነሐሴ ላይ ብዙ ካቆጠቆጠብኝ ሁሉንም ከትፌ ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ አበስለዋለሁ፤ ከዚያ ዘይት ጨምሬ ቁሌት አድርጌ በትንንሽ ዕቃ ዲፕፍሪዝ ውስጥ። ፍልሰታ ጾም ላይ ሽሮ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል።

ያለፈው ዓመት ጳጉሜ 4 ቀን ወጋግራው ላይ አንድ ጉንጉን ቀርቶኝ ነበር፤ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ኪሎ ያስፈልገኛል። ማታ በጓሮ በር ወጥቼ ከጉሊት አንድ ኪሎ ገዛሁና ደባለቅኩት። አማቴ ዶሮውን ቀምሰው «የጓሮ ነገር ያስታውቃል» አሉ። ዝም አልኩ።